«እኔ ጋ ይሠራል»

ሁለተኛውን አምፕ ቤት ተዉት። ካልሆነላችሁ ደግሞ ከመጀመሪያው አጠገብ አቁሙት። አንዱን አምፕ መድረኩ ግራ ጫፍ፣ ሌላውን ቀኝ ጫፍ አስቀምጦ፣ ከአንድ ጊታር ሁለት የተለያየ ድምፅ እየላኩ «ስቴሪዮ ነው» ማለት በሠርግ ድንኳንና በሆቴል አዳራሽ ውስጥ አድማጭን መበደል ነው። ይህን ስል የሚቆጡ ጊታር ተጫዋች ጓደኞች አሉኝ። ይቆጡ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንደነሱ ነበርኩ፤ የምጽፈውም ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው።

የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬ ግን ሶፍትዌር ነው። ጅማ ቁጭ ብዬ ከርቀት ኮድ እጽፋለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ከአንድ ትንሽ ባንድ ጋር ጊታር እጫወታለሁ። ቡና ተለቅሞ፣ ተሽጦ፣ ገንዘብ እጅ ሲገባ የሠርግ ወቅት ይመጣል። ያኔ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ፣ ጌራ እያልን እንዞራለን። አንድ ሚኒባስ፣ አምስት ሰው፣ ድራም፣ ኪቦርድ፣ እኔና ሁለቱ አምፖቼ። አምፖቹ የሁለት ሰው ወንበር ይይዙ ነበር። ድራመራችን እስከ አጋሮ ያለውን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ እግሩን አጣጥፎ፣ የኔን አምፕ ታቅፎ ይጓዝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ይሄ ሁለተኛው ምን ያደርግልናል?» ብሎ አልጠየቀኝም። መጠየቅ ነበረበት።

በእኛ ሙያ አንድ የታወቀ ቀልድ አለ። ፕሮግራመሩ ሥራውን ያስረክባል። ተጠቃሚው ደውሎ «ኧረ አይሠራም» ይላል። ፕሮግራመሩ የራሱን ላፕቶፕ ያይና «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ቀልዱ የሚያስቀን ሁላችንም አድርገነው ስለምናውቅ ነው። ስቴሪዮ ጊታርም እንደዚያ ነው። ሁለቱ አምፖች መሃል ለቆመ ሰው ይሠራል፤ እዚያ የቆመው ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ተራ ኤሌክትሪክ ጊታር አንድ መውጫ ብቻ ነው ያለው፤ ድምፁ ሞኖ ነው። ስቴሪዮ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ጊታሩ ራሱ ሁለት መውጫ ሲኖረው ነው። ግሬች እ.ኤ.አ. በ1958 አካባቢ ክሮቹን ለሁለት ከፍሎ የሚልክ ጊታር አወጣ። ጊብሰን በ1959 ኢኤስ-345 የተባለውን ይዞ መጣ፤ በዚህኛው አንገት በኩል ያለው ፒክአፕ ወደ አንድ አምፕ፣ ከድልድዩ በኩል ያለው ደግሞ ወደ ሌላ አምፕ ይሄዳል። ሪከንባከርም ወዲያው ሪክ-ኦ-ሳውንድ በሚል ስም የራሱን ጨመረ። ያ ዘመን የስቴሪዮ ሸክላ ገበያ ላይ የደራበት ስለነበር «ስቴሪዮ» የሚለው ቃል ራሱ ዕቃ ይሸጥ ነበር።

ሁለተኛውና ዛሬ የበዛው መንገድ በፔዳል ነው። ጊታሩ ሞኖ ሆኖ ይገባል፤ ዲሌይ፣ ኮረስ ወይም ሪቨርብ የሚሠራው ፔዳል ድምፁን ለሁለት ከፍሎ ያወጣዋል። አንዱ በግራ ይሄዳል፣ ሌላው በቀኝ። ቤት ውስጥ ሁለቱን አምፖች ግራና ቀኝ አድርጋችሁ መሃል ስትቀመጡ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጉድ ነው። ክፍሉ ይሰፋል። ድምፁ ከግራ ይጠራል፣ ከቀኝ ይመልሳል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን እራት ሳልበላ ነው ያደርኩት።

ከዚያ በኋላ ያለ ሁለት አምፕ መጫወት ራቁት መውጣት መሰለኝ።

አሁን ወደ አጋሮው ሠርግ ልውሰዳችሁ። ድንኳኑ ሰፊ ነበር። ባንዱ ከፊት፣ ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ፊት ለፊት መሃል፣ የክብር እንግዶች ከነሱ ቀጥሎ። ግራና ቀኝ ዳሩን የያዙት ዘግይተው የመጡ ሰዎች፣ ጎረቤቶችና ሲያበስሉ አምሽተው አሁን ገና የተቀመጡ እናቶች ነበሩ። አምፖቼን 10 ሜትር ያህል አራራቅኋቸው። በድምፅ ማጉያው የሚወጣው የዘፋኟና የኪቦርዱ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ጊታሩ በራሱ አምፖች ነው የሚሰማው። አንድ የምወደው ነገር ነበረኝ፤ ዘፋኟ ስንኙን ስትጨርስ ጊታሩ በግራ ይጠይቃል፣ በቀኝ ይመልሳል። ጥያቄውን በግራው አምፕ ብቻ፣ መልሱን በቀኙ አምፕ ብቻ እንዲወጣ አድርጌ ፔዳሉን አዘጋጅቼዋለሁ።

በግራ በኩል፣ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ጊታር ያስተማሩኝ ጋሼ ተቀምጠው ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ ጋሼ ይበቃል። በወጣትነታቸው በየሆቴሉ ሲጫወቱ ለዓመታት የቆሙት ከሲምባሉ አጠገብ ስለነበር ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም። ሲያስተምሩኝ ሁልጊዜ በግራቸው አስቀምጠው ነበር።

እረፍት ስንወጣ ጠሩኝ። ሰላም ካልን በኋላ «ጥሩ ትጫወታለህ ልጄ» አሉኝ። «ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ትጠይቅና ትተዋለህ። መልሱን ለምን አቆምከው?»

ምን ብዬ ልመልስላቸው? «ጋሼ፣ መልሱ በዚያ በኩል ነው» ልበል? ለመናገር አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። በልቤ ያለው ግን ያው ነበር፤ «እኔ ጋ ይሠራል»።

የጋሼ ጆሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ «እሳቸው ናቸው» ብዬ አልፈው ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ግን ስሌቱን ሠራሁት፤ መሥራት የነበረብኝ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ጋሼ ከግራው አምፕ 2 ሜትር፣ ከቀኙ 10 ሜትር ገደማ ርቀው ነበር። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የቀኙ ድምፅ ከግራው ከ23 እስከ 24 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳቸዋል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ጉልበቱስ? ግድግዳ በሌለበት ቦታ ድምፅ በርቀቱ ካሬ ይዳከማል፤ አምስት እጥፍ ስትርቅ ጉልበቱ በ25 ይካፈላል። በዴሲቤል 14 ነው። ድራምና ኪቦርድ በሚያገሳበት ድንኳን ውስጥ በ25 የተካፈለ የጊታር መልስ የለም ማለት ነው። ሁለት ደህና ጆሮ ያለው ጎረምሳ እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥም አይሰማውም።

ሁለቱም አምፖች አንድ ዓይነት ድምፅ ቢያወጡስ? ያኔም ጆሯችን የራሱ ሕግ አለው። አንድ ድምፅ ከሁለት ቦታ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ሲመጣ፣ አእምሯችን ቀድሞ የደረሰውን ይዞ «ከዚያ ነው የመጣው» ይላል። ግራ የተቀመጠው ሰው ሁሉንም ከግራ ይሰማል፤ ቀኝ ያለው ሁሉንም ከቀኝ። «ሰፊ» የሚባለው ድምፅ የሚገኘው መሃል ባለች ጠባብ መስመር ላይ ብቻ ነው።

ይሄ የስቴሪዮ ጉድለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ስቴሪዮ የተፈጠረው ለእንዲህ ያለ ሥራ አይደለም እንጂ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 የባለቤትነት ማመልከቻውን ሲያስገባ ከሚያስቡት ነገሮች አንዱ የፊልም ድምፅ ነበር፤ ተዋናዩ በስክሪኑ ላይ ወደ ቀኝ ሲሄድ ድምፁም አብሮት እንዲሄድ። ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ ሦስት ማዕዘን ሠርተው ይቀመጣሉ። አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት ስፒከር። የ300 ሰው ሠርግ ግን 300 ወንበር ነው።

የቡና ልጆች ስለሆንን ነገሩን በቡና ልንገራችሁ። ቡና ሲቀመስ እንዴት እንደሚዳኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከአንድ ናሙና አንድ ስኒ ብቻ አይፈላም። በዓለም አቀፉ የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር ለዓመታት በተሠራበት የአቀማመስ ሥርዓት ከአንድ ናሙና 5 ስኒ ይቀርባል። «ወጥነት» የሚባል የራሱ 10 ነጥብ አለው፤ ከአምስቱ አንዱ ስኒ ጣዕሙ ከሌሎቹ ከተለየ 2 ነጥብ ይቀነሳል። ቀማሹ የጣፈጠውን ስኒ መርጦ «ይሄ ነው ቡናው» አይልም። መጥፎዋን ስኒ የሚጠጣ ሰው እንዳለ ያውቃል።

እኛ ግን መድረክ ላይ ወጥተን የምንቀምሰው አንድ ስኒ ነው። የራሳችንን። እሷ ከጣፈጠች ሳውንድ ቼክ አለቀ።

ዳር መቀመጥ ምን እንደሆነ ከጅማ ሰው የበለጠ ማን ያውቃል? ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ደረጃውን የጠበቀ ቡና በአገር ውስጥ መሸጥ ለረጅም ጊዜ በሕግ የተከለከለ ነበር። ዛፉን የተከለው፣ ፍሬውን የለቀመው ሰው የሚጠጣው ለውጭ ያልበቃውን ነው። ምክንያቱ የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ይገባኛል። ጊታር ተጫዋቹ ግን ምን ምንዛሪ አጥቶ ነው ምርጡን ድምፅ መሃል ለተቀመጡት አድርጎ ግርዱን ለዳሩ የሚልከው? እዚያ ዳር ያሉት እኮ ሲያበስሉ ያመሹት ናቸው።

አሁን የሚመጡብኝን መከራከሪያዎች አውቃቸዋለሁ፤ ራሴ ስጠቀምባቸው ኖሬያለሁ።

አንዱ «የእኛ ሙዚቃ ዘመናዊ መሆን አለበት፤ የቀደሙትም ስቴሪዮ ሠርተዋል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሠርተዋል። አይቤክስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ራስ ሆቴል ውስጥ የቀዳው በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም ስሙ ራሱ «ስቴሪዮ ኢንስትሩሜንታል ሙዚክ» ነው። ጊታሩን የያዘው ሰላም ስዩም፣ ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ። ስሰማው አሁንም ደስ ይለኛል። ግን ያ ቅጂ ነው። ካሴቱን የገዛ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ወንበሩን የፈለገበት ቦታ ማድረግ ይችል ነበር፤ መሃል መቀመጥ የሁሉም መብት ነው። የሠርግ እንግዳ ግን ወንበሩን ተሸክሞ መሃል አይመጣም።

የኛው የጅማው ልጅ ጉዳይ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 እዚሁ ጅማ ነው የተወለደው። «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለው አልበሙ በ1972 ኒው ዮርክ ወጣ። ስትራት የተባለው አሳታሚ በ2017 እንደገና ሲያሳትመው ከስቴሪዮው ቅጂ ጋር የሞኖውንም አብሮ አወጣው። ሁለቱን አዳምጧቸው። በሞኖው ውስጥ የጎደለ ዜማ የለም። ጊታሩም፣ ዋሽንቱም፣ ቫይብራፎኑም በቦታው አለ፤ ምክንያቱም ሙዚቃው የተያዘው በዜማውና በምቱ ላይ እንጂ በግራና በቀኝ ላይ አይደለም። የእኔ የአጋሮው ጥያቄና መልስ ግን ግማሹ ሲነሳ ፈረሰ። ያኔ ነው የሠራሁት ነገር ዜማ ሳይሆን የአምፕ ቦታ መሆኑ የገባኝ።

ሌላው «ሮላንድ ጄሲ-120 ስቴሪዮ አይደል እንዴ? ዓለም ሁሉ ይጠቀምበት የለም?» የሚለው ነው። ይሄኛው ጥሩ መከራከሪያ ነው፤ እኔን የሚደግፍ መሆኑን ሳያውቁ ነው የሚያነሱት። ጄሲ-120 እ.ኤ.አ. በ1975 ወጣ። ውስጡ ሁለት ባለ 60 ዋት አምፕና ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር አለ። ኮረሱ ሲበራ አንዱ ስፒከር ንጹሑን፣ ሌላው የሚወዛወዘውን ድምፅ ያወጣሉ፤ ሁለቱ አየር ላይ ይቀላቀላሉ። ልብ በሉ፣ ሁለቱ ስፒከሮች አንድ ሳጥን ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። ከግራም ተቀመጥ ከቀኝ፣ ለሁለቱም ያለህ ርቀት እኩል ሊባል ይችላል። ድብልቁ ለሁሉም ይደርሳል። እኔስ ምን አልኩ? አጠገብ ለአጠገብ አቁሟቸው ነው ያልኩት።

«ዛሬ ሰው ሁሉ በኢርፎን ነው የሚሰማው» የሚሉም አሉ። ለቅጂ ከሆነ እስማማለሁ፤ ስቱዲዮ ውስጥ የፈለጋችሁትን አስፉ። ግን እስቲ ጅማ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ሙዚቃ ከየት ከየት እንደምትሰሙ ቁጠሩ። ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ከታሰረ አንድ ስፒከር። ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ስልክ። ከጁስ ቤት በር ላይ ከተሰቀለ ሳጥን። የሠርጉ ቪዲዮም በቴሌግራም ተልኮ የሚታየው በዚያው ስልክ ነው። እዚያ ላይ ግራና ቀኝ ሲደመሩ ሌላ ጉድ ይመጣል።

ድምፅን ለማስፋት ከሚደረጉት ዘዴዎች አንዱ ያንኑ ድምፅ በአንድ በኩል በ10 ሚሊ ሰከንድ ማዘግየት ነው። መሃል ላይ ሲሰማ ያምራል። ሁለቱ እኩል ሆነው ሲደመሩ ግን 50 ኸርዝ ላይ ይጠፋፋሉ፤ 150 ላይ፣ 250 ላይ፣ 350 ላይም እንዲሁ፤ በየ100 ኸርዙ አንድ ጉድጓድ። ማበጠሪያ ይመስላል። አንዳንድ ኮረስ ፔዳሎች ደግሞ በቀኝ በኩል የሚወዛወዘውን ድምፅ ገልብጠው ነው የሚልኩት፤ ስትደምሯቸው ኮረሱ ጭራሽ ይጠፋል። የድሮው ኢኤስ-345 እንኳ ይህ ጣጣ ነበረበት። ሁለቱ ፒክአፖች ተቃራኒ ሆነው ስለተሠሩ አንድ አምፕ ውስጥ ሲገቡ ድምፁ ይቀጥናል። ባለቤቶቹ ሲከፍቱና ማግኔት ሲገለብጡ ኖረዋል። ጊብሰን በቢ.ቢ. ኪንግ ስም ባወጣው ሉሲል ላይ ከስቴሪዮው መውጫ ጎን የሞኖ መውጫ አለ። የሞኖው መኖር ለጌጥ አይመስለኝም።

የመጨረሻው መከራከሪያ ሐቀኛው ነው፤ «ለእኔ ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ የተሻለ እጫወታለሁ።» ይህን አልንቅም። ተጫዋች ራሱን ካልሰማ አይጫወትም። እንዲህ ከሆነ ግን ስሙን እንጥራው። ሁለተኛው አምፕ የእኔ መደሰቻ ነው እንበል። «ለሕዝቡ ሰፊ ድምፅ ልስጥ ብዬ ነው» አንበል። የራሴ መደሰቻ ከሆነ ደግሞ የድራመሩን ጉልበት ላይ ጭኜ 45 ኪሎ ሜትር ማጓጓዝ የለብኝም፤ ኢርፎን አለ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ድምፅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ስለ ነፍስ ነው፤ ሌላውን ባታነቡ ይህን አንብቡ።

በዚያ ሠርግ ሁለቱን አምፖች እንደሰካሁ እንደተለመደው «ሆምምም» የሚል ድምፅ መጣ። ሁለት አምፕ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱም አምፖች በየሶኬታቸው ከኧርዝ ጋር ተገናኝተዋል፤ በፔዳሉ በኩል ደግሞ በድምፅ ገመዱ ሽቦ እርስ በርስ ተገናኝተዋል። ይህ ክብ ይሠራል፤ በክቡ ውስጥ የመብራቱ 50 ኸርዝ ይዞራል፤ አምፑ ያጎላዋል። ትክክለኛው መፍትሔ በድምፅ ገመዱ መንገድ ላይ ትንሽ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ማስገባት ነው። ድምፁን ያሳልፋል፣ ክቡን ይቆርጣል፣ ኧርዙን አይነካም። እኔ አልነበረኝም። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ የምታደርጉትን አደረግሁ። የግራውን አምፕ ኧርዝ በሌለው ማከፋፈያ ሰካሁት። ሆምታው ጠፋ። አጨበጨብኩ እንኳ መሰለኝ። ዲግሪ ያለው መሐንዲስ!

የግራው አምፕ አካል ከዚያ በኋላ ከኧርዝ ጋር የሚያገናኘው ያ ቀጭን የድምፅ ገመድ ብቻ ነበር፤ በፔዳሉ አልፎ፣ በቀኙ አምፕ በኩል። ይህን አላሰብኩም።

እረፍት ላይ ጋሼ ያሉኝን ሰምቼ አፈርኩ። ሮጬ ወጥቼ የቀኙን አምፕ ገመድ ነቀልኩ፤ ሁሉንም በግራው ላድርገውና ጋሼ ይስሙ ብዬ። ነቀልኩ ማለት ያቺን አንዲት ቀጭን የኧርዝ መንገድ በገዛ እጄ ቆረጥኩ ማለት ነው። ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። አዝማቹ ላይ ልቀበል ብዬ አፌን ወደ ማይኩ አስጠጋሁ። ማይኩ በሚክሰሩ በኩል ኧርዝ አለው፤ እኔ የጊታሩን ክሮች ይዣለሁ፤ ክሮቹ ከአምፑ አካል ጋር ተገናኝተዋል። ከንፈሬን ነዘረኝ። ጥርሴ ውስጥ ሰማያዊ ነገር ያየሁ መሰለኝ።

ቀላል ነበር። ከአምፑ የምትሾልክ ትንሽ ከረንት ነች። ግን በዚያች ሰዓት አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ አካሉን ቢነካ ኖሮ ቀጥታ 220 ቮልቱ በእጄና በከንፈሬ መካከል ይቆም ነበር። ሰው ለማዳን የሚሠሩት የፍሳሽ ማቋረጫዎች 30 ሚሊ አምፔር ላይ እንዲቆርጡ የሚደረገው በምክንያት ነው፤ ከዚያ በላይ ልብን ሊያስቆም ይችላል። ያ ድንኳን ውስጥ እንዲህ ያለ ማቋረጫ አላየሁም። ማይኩን ቀድማኝ ጊታሬን ነክታ የያዘችው ዘፋኟ ብትሆንስ ኖሮ? ይህን እስካሁን ማታ ማታ አስበዋለሁ።

ስለዚህ ሁለተኛውን አምፕ የምቃወመው በጆሮ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው አምፕ ሆምታውን ያመጣል፤ ሆምታው ኧርዝ ያስቆርጣል፤ የተቆረጠ ኧርዝ ሰው ይገድላል። ትራንስፎርመሩን ሳይገዛ ሁለተኛውን አምፕ የሚገዛ ሰው ጫማ ሳይኖረው ካልሲ የደራረበ ሰው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሁለት አምፕ ካላችሁና መሸጥ ካልፈለጋችሁ፣ ጎን ለጎን አቁሟቸውና ሁለቱንም ያንኑ ድምፅ ስጧቸው። አንዱ ንጹሕ፣ አንዱ ሻካራ ቢሆን ቆንጆ ነው፤ ለዚህ አልከራከርም። ከዚያ የታችኛውን ወፍራም ክር ክፍቱን ምቱ፤ 82 ኸርዝ ገደማ ነው። ቤዙ ከሳሳ ሁለቱ ተቃራኒ እየገፉ ነው፤ የአንዱን ስፒከር ሽቦዎች አገለባብጡ፤ አምፑን አጥፍታችሁና ነቅላችሁ ታዲያ። ዲሌይና ኮረስ በስቴሪዮ ካማራችሁ ይሁን፤ ግን ዜማው፣ ማለትም ሰው መስማት ያለበት ነገር፣ በሁለቱም በኩል እኩል ይኑር። በግራና በቀኝ መለየት የሚችለው ቢቀርም የማይጎዳው ጌጥ ብቻ ነው።

የድምፅ ባለሙያዎችም አትሳቁብን። ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁልጊዜ መሃል ነው፤ እናንተም «እኔ ጋ ይሠራል» ባዮች ናችሁ።

እኔ አሁን በአንድ አምፕ ነው የምሄደው። ድራመራችን እግሩን ዘርግቶ ይተኛል። ሳውንድ ቼክ ላይ ረጅም ገመድ ይዤ እየተጫወትኩ ወደ አምስት ወንበሮች እሄዳለሁ፤ መሃል፣ ግራ ዳር፣ ቀኝ ዳር፣ በሩ ጋ፣ ከዚያ የሚበሰልበት ጓዳ ጋ። አምስት ስኒ። አንዱ ላይ ከጎደለ አምፑን አንስቼ ቦታ እቀይራለሁ፤ ወደ መሃል አመጣዋለሁ ወይም ከፍ ያለ ነገር ላይ አስቀምጠዋለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የመጀመሪያ ቀን ሲያዩኝ ሳቁብኝ፤ አሁን ኪቦርዲስቱም አብሮኝ ይዞራል።

ጥያቄና መልሱን አልተውኩትም። መልሱን ከግራ ወደ ቀኝ ከመላክ ይልቅ ከላይኛው ክር ወደ ታችኛው አወረድኩት፤ ጥያቄው በቀጭኑ፣ መልሱ በወፍራሙ። ባለፈው ጥር ጅማ ከተማ ውስጥ በነበረ ሠርግ ጋሼ መጥተው ነበር። እንዳጋጣሚ ይሁን አስበውበት አላውቅም፣ በቀኝ ዳር ነው የተቀመጡት፤ የሚሰማውን ግራ ጆሯቸውን ወደ ባንዱ አዙረው። እረፍት ላይ ሄድኩ። ስለ ጊታሩ ምንም አላሉኝም። «ዘፋኟ ትንሽ ከፍ ትበል» ብቻ ነው ያሉት።

ሄጄ ለድምፅ ባለሙያው ነገርኩት። «እኔ ጋ በደንብ ይሰማል እኮ» አለኝ። እጁን ይዤ ወደ ጋሼ ወንበር ወሰድኩት።